ይዘገያል እንጂ አይቀርም የተባለው ኮንሰርት

ከስምንት ዓመት ዝምታ በኋላ “ተመልሰናል” ያለው የአሜሪካ ሮክ ባንድ ጉዞውን ደጋግሞ አራዘመ፣ ጀመረ፣ መሀል ላይ አቋረጠ። ትኬት ይዘው የጠበቁት አድናቂዎች ክርክር ከሙዚቃ አልፎ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ጤናና ስለ ቃል ሆነ።

የኮንሰርት ትኬት የሚገዛ ሰው ከሁሉ በፊት ቀን ይገዛል። ለዚያ ቀን ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ልጆቹን የሚይዝለት ሰው ይፈልጋል፣ ከሌላ ከተማ የሚመጣ ጓደኛውን ይቀጥራል፣ ለሆቴልና ለመጓጓዣ ይከፍላል። አዘጋጁ “ፕሮግራሙ ለሌላ ጊዜ ተላልፏል” የሚል አጭር ማስታወቂያ ሲያወጣ ይህ ሁሉ አብሮ ይፈርሳል። አዲስ አበባ ውስጥ ኮንሰርት የሚከታተል ሰው ይህችን ማስታወቂያ በደንብ ያውቃታል። በሌላው ዓለምም ቢሆን ከእሷ ያመለጠ የለም።

በቅርብ ዓመታት ይህች ማስታወቂያ ደጋግማ ከፈተነቻቸው የሙዚቃ አፍቃሪዎች መካከል የሬጅ አጌንስት ዘ ማሽን አድናቂዎች ግንባር ቀደም ናቸው። የእነሱ ታሪክ ሮክ ለማይወድ ሰውም የሚነግረው ነገር አለ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባንዱ ማን ነው?

ሬጅ አጌንስት ዘ ማሽን እ.ኤ.አ. በ1991 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ተመሠረተ። አባላቱ አራት ናቸው፦ ድምፃዊው ዛክ ዴ ላ ሮቻ፣ ጊታሪስቱ ቶም ሞሬሎ፣ ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ቲም ኮመርፎርድ እና ድራመሩ ብራድ ዊልክ። የከበደ ሮክን ከራፕ ጋር አዋሕደው፣ ስለ ዘረኝነት፣ ስለ ፖሊስ ጭካኔና ስለ ጦርነት በግልጽ የሚጮኹ ሙዚቀኞች ናቸው። በ1992 የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው ሽፋን በ1963 ቬትናም ውስጥ ራሱን በእሳት ያቃጠለውን የቡድሃ መነኩሴ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ነበር። ሁለተኛውና ሦስተኛው አልበማቸው በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነው ነው የገቡት።

ለእኛ ለምሥራቅ አፍሪካውያን አንድ ቅርብ ነገርም አላቸው። የሞሬሎ አባት በተባበሩት መንግሥታት የኬንያ ዲፕሎማት ነበሩ። ልጁን ግን ያሳደጉት ብቻቸውን ሆነው አሜሪካዊት እናቱ ሜሪ ሞሬሎ ናቸው። መምህርት ነበሩ፤ በ2023 መቶ ዓመት ሞልቷቸዋል። ልጃቸው ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ነው ጊታሩን ይዞ ወደ ሎስ አንጀለስ የሄደው።

በ2000 ድምፃዊው ባንዱን ለቀቀ። ሦስቱ ከክሪስ ኮርኔል ጋር ኦዲዮስሌቭ የሚባል ሌላ ባንድ መሠረቱ። በ2007 አራቱ እንደገና ተገናኝተው በኮቼላ ፌስቲቫል ተጫወቱ፤ እስከ 2011 ድረስም አልፎ አልፎ መድረክ ላይ ታዩ። ከዚያ በኋላ ዝም አሉ።

አድናቂዎቹ ዝም ብለው የሚጠብቁ ዓይነት አለመሆናቸውን ደግሞ እንግሊዝ አገር አሳይተዋል። በ2009 ገና ሰሞን ኤክስ ፋክተር በተባለው የቴሌቪዥን ውድድር ያሸነፈ ወጣት ዘፈን እንደየዓመቱ አንደኛ እንደሚሆን ይጠበቅ ነበር። አንድ ባልና ሚስት ግን በፌስቡክ ዘመቻ ጀመሩ፦ የሬጅን “ኪሊንግ ኢን ዘ ኔም” ሁላችንም በአንድ ሳምንት እንግዛው አሉ። በአንድ ሳምንት ከ500 ሺህ በላይ ተገዛ፤ የ17 ዓመት ዕድሜ ያለው ዘፈንም የገናን አንደኝነት ወሰደ። ባንዱ ውለታውን የመለሰው በ2010 በለንደኑ ፊንስበሪ ፓርክ በነፃ ባቀረበው ኮንሰርት ነው፤ 40 ሺህ ያህል ሰው ታድሞበታል። በሙያዬ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ፤ አንድ ብር የማስታወቂያ ወጪ ሳይደረግበት እንዲህ ያለ ውጤት የመጣበትን ሌላ ዘመቻ ብዙ አላውቅም። ይህ እውነት ለቀጣዩ ታሪክ ይጠቅመናል፤ በባንዱና በአድናቂው መካከል ያለው ግንኙነት ከተራ ሻጭና ገዥ የዘለለ ነበር።

ቀጠሮው

በኖቬምበር 2019 ባንዱ በ2020 እንደሚመለስ ተሰማ። የመክፈቻዎቹ ከተሞች የተመረጡት በሜክሲኮ ድንበር አካባቢ ነበር፦ ኤል ፓሶ፣ ላስ ክሩሴስና አሪዞና። ኤል ፓሶ ከጥቂት ወራት በፊት፣ በኦገስት 2019፣ አንድ ታጣቂ በገበያ መደብር ውስጥ ተኩስ ከፍቶ 23 ሰዎች የሞቱባት ከተማ ናት፤ አብዛኞቹ ሟቾች የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው ነበሩ። የእነዚህ የመጀመሪያ ምሽቶች ገቢም ለስደተኞች መብት ለሚሠሩ ድርጅቶች እንደሚሰጥ ተነገረ። ለድንበር ከተሞቹ ነዋሪ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ትልልቅ ባንዶች ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት ከኒው ዮርክ ወይም ከሎስ አንጀለስ ነው። አሁን ግን ተራው የእነሱ ሆነ።

ጉዞው በማርች 2020 መጨረሻ ሊጀመር ሁለት ሳምንት ሲቀረው ኮቪድ መጣ። ባንዱ ጉዞውን ማራዘሙን ያስታወቀው በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 2012 መጀመሪያ ላይ ሲሆን፣ በዚያው ሳምንት ነበር አዲስ አበባ የመጀመሪያውን የኮሮና ታማሚ ያወጀችው። እኛ ሰርግና ለቅሶ ስናቋርጥ እነሱ ኮንሰርት አቋረጡ።

ቀኑ መጀመሪያ ወደ 2021 ተዛወረ። ከዚያ ወደ 2022 ጸደይ ተገፋ። በጃንዋሪ 2022 ደግሞ የጸደዩ ቀናት ወደ 2023 ሄዱ፤ ጉዞውም በጁላይ 2022 ከሌሎች ከተሞች እንዲጀመር ተወሰነ። ልብ ይበሉ፤ ከሁሉ ቀድመው ሊያዩ የነበሩት የኤል ፓሶና የላስ ክሩሴስ ሰዎች የመጨረሻው ወረፋ ላይ ደረሱ።

ለምን ያራዝማሉ፤ ለምን አይሰርዙትም?

አድናቂዎችን በመጀመሪያ ያከራከረው ይህ ነው። ግማሾቹ ማራዘም የአክብሮት ምልክት ነው ይላሉ፤ ባንዱ ቃሉን አልበላም፣ ቀኑን ብቻ ቀየረ። ሌሎቹ ደግሞ ማራዘም ገንዘብን አስሮ የማቆያ ዘዴ ነው ባዮች ናቸው።

እውነቱ ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ አለው። ፕሮግራም ሲሰረዝ ገንዘብ ይመለሳል። ሲራዘም ግን ትኬቱ ለአዲሱ ቀን ያገለግላል ስለሚባል ገንዘቡ ባለበት ይቆያል። በ2020 ጸደይ በሺዎች የሚቆጠሩ ዝግጅቶች በአንድ ጊዜ ሲራዘሙ፣ የአሜሪካው ግዙፍ ትኬት ሻጭ ቲኬትማስተር ለተራዘሙ ፕሮግራሞች ወዲያው ገንዘብ አለመመለሱ ከፍተኛ ቁጣ ቀስቅሶ ነበር። ሥራ ያጣ ሰው የኮንሰርት ገንዘቡን ለቤት ኪራይ ሲፈልገው “ትኬትዎ እንደጸና ነው” የሚል መልስ ማግኘቱ ማንንም ያናድዳል። ጉዳዩ እስከ ምክር ቤት አባላት ደረሰ። በመጨረሻም እናት ኩባንያው ላይቭ ኔሽን አዲስ ቀን ከተነገረ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ገንዘብ መጠየቅ የሚቻልበትን መንገድ ከፈተ።

በሌላ በኩል የትልቅ ባንድን ጉዞ ማንቀሳቀስ ቀላል አይደለም። መድረኩ፣ መብራቱና የድምፅ መሣሪያው በብዙ የጭነት መኪና ተጭኖ ከከተማ ከተማ ይጓዛል። አዳራሾቹ የቅርጫት ኳስና የበረዶ ሆኪ ቡድኖች መጫወቻም ስለሆኑ ባዶ ቀን ማግኘት ራሱ ትግል ነው። አንዷ ከተማ ስትነቃነቅ ከፊትና ከኋላዋ ያሉት ሁሉ ይነቃነቃሉ። ስለዚህ ሲራዘም የሚራዘመው በሳምንት ሳይሆን በዓመት ነው።

የ125 ዶላሩ ክርክር

ሁለተኛው ክርክር ስለ ዋጋ ነበር። መደበኛው ትኬት 125 ዶላር ሆነ። የሀብታሙን ሥርዓት እየረገመ የኖረ ባንድ ይህን ያህል እንዴት ይጠይቃል የሚሉ ብዙ ነበሩ። ሌሎች ደግሞ በዚያ ደረጃ ላሉ ባንዶች ዋጋው የተለመደ እንደሆነ፣ ዋናው ችግር ትኬት በገፍ ሰብስበው በብዙ እጥፍ የሚቸበችቡት ነጋዴዎች መሆናቸውን ተከራከሩ።

ባንዱ ለዚህ መልስ ነበረው። ከየአዳራሹ ወደ 10 በመቶ የሚሆነውን ወንበር ለብቻ አስቀምጦ ከመደበኛው ዋጋ በላይ ሸጠው፤ ከመደበኛው ዋጋ በላይ ያለው ገንዘብ በሙሉ በየከተማው ላሉ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች እንዲሄድ አደረገ። ሐሳቡ ግልጽ ነው፦ አንዳንድ ሰው የፈለገውን ያህል ከፍሎ መግባቱ ካልቀረ፣ ትርፉ ከትኬት ነጋዴ ኪስ ይልቅ ለተቸገረ ይድረስ። በኒው ዮርኩ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን በተደረጉት አምስት ምሽቶች ብቻ አንድ ሚሊዮን ዶላር ያህል ተሰብስቧል። ሁሉንም አላሳመነም፤ ብዙ ተቺዎችን ግን ዝም አሰኝቷል።

ሳጥን ላይ የተቀመጠው ድምፃዊ

ጁላይ 9 ቀን 2022 ዊስኮንሲን በሚገኘው አልፓይን ቫሊ ባንዱ ከ11 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ ወጣ። የጠበቀ ሁሉ “ይዘገያል እንጂ አይቀርም” ብሎ ተደሰተ። ደስታው ሙሉ ሆኖ የቆየው ግን ለሁለት ቀን ነው። ጁላይ 11 ቺካጎ ላይ፣ በሁለተኛው ምሽት፣ ዛክ ዴ ላ ሮቻ ሲዘል እግሩን ተጎዳ። ተደግፎ ወጣና ተመልሶ መጣ፤ የቀረውን ተቀምጦ ጨረሰው።

ከዚያ በኋላ ያሉትን የሰሜን አሜሪካ ምሽቶች በሙሉ የዘፈነው መድረኩ መሀል ሳጥን ላይ ተቀምጦ ነው። መድረክ ላይ እንደ ጥይት ሲወነጨፍ የሚታወቅ ሰው ለአንድ ወር ሙሉ ከወገቡ በላይ ብቻ ተንቀሳቀሰ። ያዩት ሰዎች ከጠበቁት በላይ ኃይል እንደነበረው መሰከሩ።

ጉዳቱ የተረከዝ ጅማት መበጠስ ነበር። ዴ ላ ሮቻ በኋላ እንደገለጸው ከግራ እግሩ ጅማት ሳይበጠስ የቀረው 8 በመቶ ብቻ ነው። በኦገስት 2022 በሐኪም ምክር የአውሮፓ ጉዞ ተሰረዘ፤ በእንግሊዞቹ የሬዲንግና የሊድስ ፌስቲቫሎች ላይ ሌላ ባንድ ተተካ። በኦክቶበር ደግሞ የ2023 የሰሜን አሜሪካ ጉዞ ተሰረዘ። ኤል ፓሶ፣ ላስ ክሩሴስና አሪዞና ከሦስት ዓመት ጥበቃ በኋላ ገንዘባቸውን መልሰው ተቀበሉ።

እዚህ ላይ አድናቂዎቹ በድጋሚ ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ወገን ቺካጎ ላይ ወዲያው ቆሞ ቢታከም ኖሮ ሌሎቹም ከተሞች ተራቸው ይደርሳቸው ነበር ይላል። ሌላው ወገን አዳራሽ ሙሉ ሰው ሁለት ዓመት ከጠበቀ በኋላ በየትኛው ልብ ነው የሚመልሰው ብሎ ይሟገታል። ሁለቱም የሚናገሩት ከፍቅር ነው፤ ልዩነቱ አንዱ ትኬቱ የኒው ዮርክ መሆኑ፣ የሌላው የኤል ፓሶ መሆኑ ነው።

አድናቂዎቹ ያላወቁት

በ2022 መጨረሻ ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ቲም ኮመርፎርድ አንድ ነገር ተናገረ። የፕሮስቴት ካንሰር ተገኝቶበት፣ ጉዞው ከመጀመሩ ሁለት ወር ገደማ በፊት በቀዶ ሕክምና ዕጢው ወጥቶለት ነበር። ሰው ሁሉ የድምፃዊውን እግር ሲያይ፣ ከጎኑ ቆሞ የሚጫወተው ሰው ገና ከቀዶ ሕክምና አልጋ የተነሳ ነበር። ያኔ ዕድሜው 54 ነው።

ይህ ዜና ለብዙ አድናቂ የክርክሩን አቅጣጫ ቀየረው። “ለምን አይጫወቱም? ገንዘብ ስለጠገቡ ነው” ያሉ ሁሉ ያዩት ውጪውን ብቻ እንደነበር ተረዱ። ለእኛም ትምህርት አለው። የፕሮስቴት ካንሰር መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ ምልክት አያሳይም፤ ዕድሜ በጨመረ ቁጥር ደግሞ የመከሰት ዕድሉ ይጨምራል። ሃምሳን የተሻገሩ አባቶችና ወንድሞች ቤትዎ ካሉ “ምንም አላመመኝም” የሚለውን መልስ ብቻ ሰምተው አይለፉት፤ ሐኪም ዘንድ ቀርበው ስለ ምርመራው እንዲጠይቁ ያበረታቷቸው።

ከስረዛው በላይ የጎዳው ዝምታው

በእኔ እይታ የዚህ ታሪክ ትልቁ ጉድለት የተሰበረው ቀጠሮ አይደለም። ወረርሽኝም ሕመምም በማንም ላይ ይደርሳል። ጉድለቱ ከስረዛው በኋላ የመጣው ዝምታ ነው። ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ አራቱ በአንድነት “ይህ አበቃ” ወይም “እንመለሳለን” የሚል ቃል አልተናገሩም። በኖቬምበር 2023 ወደ ሮክ ኤንድ ሮል የክብር መዝገብ ሲገቡ ሽልማቱን ሊቀበል የመጣው ቶም ሞሬሎ ብቻ ነበር። አድናቂዎች ከዚህ መቅረት ትርጉም ለማውጣት ሰዓታት አጠፉ። ተጣልተው ነው? እየታከመ ነው? ሊያስደንቁን ነው?

መልሱ የመጣው በጃንዋሪ 2024 ነው፤ እሱም ከባንዱ ሳይሆን ከድራመሩ የግል ገጽ። ብራድ ዊልክ ባንዱ ከእንግዲህ እንደማይጓዝና መድረክ ላይ እንደማይጫወት ጻፈ። አዳዲስ ቀናት የሚጠብቅ ብዙ ሰው እንዳለ እንደሚያውቅና ሰውን በተስፋ ማንጠልጠል እንደማይፈልግ ገልጾ ይቅርታ ጠየቀ።

ደንበኛን የሚያስኮርፈው መጥፎ ዜና ብቻ እንዳልሆነ በየቀኑ በሥራዬ አያለሁ። ዕቃው ዘግይቷል ሲባል የሚቆጣ ሰው ምክንያቱና አዲሱ ቀን ከተነገረው ብዙ ጊዜ ይረጋጋል። ስልክ የማያነሳ ድርጅት ግን አንዴ ያጣውን ደንበኛ መልሶ አያገኝም። ከባንዱ አድናቂዎችም ለዊልክ ጽሑፍ ምስጋና ያቀረቡት ጥቂት አልነበሩም። የሰሙት የሚያሳዝን ነገር ነው፤ ግን ተነገራቸው።

ዘግይቶ የደረሰ

ጥበቃ ሁሉ በከንቱ አይቀርም። የእንግሊዙ አንጋፋ ባንድ ጄኔሲስም የመመለሱን ዜና ያበሰረው በማርች 2020 ነበር፤ እሱም በወረርሽኙ ደጋግሞ ተራዘመ። በሴፕቴምበር 2021 ጀመረ፤ በኦክቶበር የለንደን ምሽቶቹን ኮቪድ እንደገና አቋረጠበት። ተስፋ አልቆረጡም፤ በማርች 2022 ለንደን ላይ ተሰናበቱ። ፊል ኮሊንስ በጀርባው ሕመም የተነሳ ድራም መምታት አይችልምና ወንበር ላይ ተቀምጦ ዘፈነ። ከኋላው ድራሙን የመታው የ20 ዓመት ልጁ ኒክ ነበር። አባት ያቆመውን ልጅ ሲቀጥል ለማየት ሁለት ዓመት የጠበቀ ሰው የተከፋ አይመስለኝም።

ትኬት በእጅዎ ካለ

ዋሽንግተንም ይኑሩ አዲስ አበባ፣ ቀኑ ሊቀየር የሚችል ፕሮግራም ትኬት ሲገዙ የሚከተሉትን ያስቡ።

በመጀመሪያ ከዋናው ሻጭ ይግዙ፤ ከሦስተኛ ሰው በውድ የገዛ ሰው ገንዘብ ቢመለስ እንኳ ለእሱ ላይደርሰው ይችላል። ደረሰኝዎንና የክፍያ መልእክትዎን አያጥፉ። “ተራዘመ” እና “ተሰረዘ” የሚሉት ቃላት በገንዘብዎ ላይ የተለያየ ውጤት አላቸውና የሻጩን ደንብ ከመክፈልዎ በፊት ያንብቡ። አዲስ ቀን ሲነገር ገንዘብ የመጠየቂያው ጊዜ አጭር ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ይወስኑ። ሆቴልና መጓጓዣ ሲይዙ ደግሞ ትንሽ ጨምረውም ቢሆን ሊቀየር የሚችለውን ይምረጡ።

ልጆችዎን ይዘው ለመሄድ ቃል ገብተው ከሆነ፣ ፕሮግራሙ ሲራዘም “ሌላ ቀን” ብለው ብቻ አይለፏቸው። ለምን እንደተራዘመ በሚገባቸው ቋንቋ ይንገሯቸው፤ በዚያው ምሽትም ቤት ውስጥ ሙዚቃውን ከፍተው አብረው ይጨፍሩ። ልጅ የአዳራሹን ስም ይረሳል፤ ቀጠሮው ሲፈርስ ወላጁ ምን እንዳደረገ ግን አይረሳም።

አዘጋጆችና ሙዚቀኞች ደግሞ ከኤል ፓሶ አድናቂዎች የሚማሩት አለ። እነዚያ ሰዎች ወረርሽኙን ተረድተዋል፤ የተበጠሰውን ጅማትም ተረድተዋል። ከሦስት ዓመት በኋላ ገንዘባቸው ተመልሶላቸዋል። ያልተመለሰላቸው የመጀመሪያው ረድፍ ተራቸው ነው፤ ለዚህም ከአራቱ በአንድነት የተነገረ አንድ የስንብት ቃል ይገባቸው ነበር።